የዘንድሮውን አጨዳ ለወንፈል ይተዉት

ጥያቄው (አሳጥሬዋለሁ)፦ «ዕድሜዬ 44 ነው፣ ቢቸና አካባቢ አራሽ ነኝ። ነሐሴ 10 ቀን ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሜ ስመለስ ዋልካው ላይ ግራ እግሬ ወደ ፊት ተንሸራቶ ሄደ፤ መቀመጫዬ ሥር ጧ ሲል ሰማሁት። ጭኔ እስከ ቋንጃዬ ድረስ ጠቆረ። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሸኝ፣ አልተሻለኝም። በኋላ በኤም አር አይ ታይቶ የጭን ኋላ ጡንቻ ጅማት ከአጥንቱ ተነቅሏል ተባልኩና መስከረም 12 ቀን አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። አሁን 7 ሳምንት ሞላኝ፣ ሕመሙ ጠፍቷል። ይዤ የወጣሁት ወረቀት ‹ፊዚዮቴራፒ ይከታተል› ብቻ ነው የሚለው። ክራንቹን መቼ ልጣል? ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልሥራ? ጤፉ ደርሷል፣ አጨዳ መግባት እችላለሁ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። በአካል ብንገናኝ «አያ» ብዬ ነበር የምጠራዎት፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳዎት እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃል። አጨዳ አይገቡም። ግማሽ ቀንም አይሆንም፣ «ሁለት ጭብጥ ብቻ»ም አይሆንም። የማላወላውለው በዚህ አንድ ነገር ነው፤ ለሌሎቹ ጥያቄዎች ግን «ይሆናል» የሚበዛበት መልስ አለኝ።

ጤፍ የሚያጭድ ሰው ከጎን ሆነው ተመልክተው ያውቃሉ? ሰው ራሱ ሲያጭድ አይታየውም። ጉልበቱ ቀጥ ሊል ጥቂት ነው የቀረው። ከዳሌው ታጥፎ ደረቱ ወደ መሬት ተደፍቷል። ግራ እጁ ጭብጡን ሊይዝ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ አንዱ እግሩ ከሌላው ቀድሟል፣ ማጭዱን በሳበ ቁጥር ወገቡ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቀና የሚለው ነዶውን ሊያስቀምጥ ብቻ ነው። አሁን ነሐሴ 10 ቀን የሆነውን ያስታውሱ፦ ጉልበትዎ ቀጥ እንዳለ እግርዎ ወደ ፊት ሄደ፣ የተሸከሙት ደግሞ ላይኛውን አካልዎን ወደ ፊት ደፋው። አቋሙ አንድ ነው። ያን ቀን በቅጽበት የሆነውን አጨዳው ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ያደርገዋል።

ነገሩ እንዲገባዎት አካሉን ላሳይዎት። ተቀምጠው ጉልበትዎን አጥፈው ቋንጃዎን በጣትዎ ቢዳስሱ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የተወጠሩ ጅማቶች ያገኛሉ። ሐኪሞች «ሃምስትሪንግ» የሚሏቸው የሦስቱ የጭን ኋላ ጡንቻዎች የታችኛው ጫፍ ያ ነው። የላይኛው ጫፋቸው የሚያያዘው ሲቀመጡ ወንበሩን ከሚነካው አጥንት ላይ ነው። እንግዲህ እነዚህ ጡንቻዎች ሁለት መገጣጠሚያ ያልፋሉ፣ ዳሌንና ጉልበትን። ዳሌን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ ጉልበትን ያጥፋሉ። ስለዚህ ዳሌ ሲታጠፍ ከላይ ይወጠራሉ፣ ጉልበት ሲዘረጋ ደግሞ ከታች። አንዱ ብቻ ከሆነ ይቻላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው አደጋው። ቁጢጥ ሲሉ ዳሌዎ በጣም ቢታጠፍም ጉልበትዎም አብሮ ስለሚታጠፍ ጡንቻው ያን ያህል አይወጠርም። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ መጎንበስ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ ብባል እሱን ነው የምልዎት።

ለእርስዎ በሚቀርብ ነገር ልመስለው፦ ጡንቻው በሬው ነው፣ አጥንቱ ሞፈሩ፣ ጅማቱ ደግሞ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር ያሰረው ምራን። የእርስዎ ምራን ተበጠሰ። በሬው ጤነኛ ነው፣ ሞፈሩም አልተሰበረም፤ ግን የሚጎትተው ነገር የለም። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱ ላይ ክር ያላቸው ትንንሽ መያዣዎች ተክሎ ጅማቱን መልሶ አሰረው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጅማቱን በዋናነት የያዘው ያ ክር ነው። ከዚያ በኋላ ጅማቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር እየተያያዘ ይሄዳል። 12ኛው ሳምንት አካባቢ እውነተኛ ጭነት ለመልመድ ዝግጁ ይሆናል፤ ጥንካሬው ተመልሶ እስኪሞላ ግን ከዚያም በኋላ ወራት ይፈጃል። ሕመሙ የጠፋው ቁስሉ ስለደረቀና እብጠቱ ስለወረደ ነው። ሕመሙና ጅማቱ በአንድ የቀን መቁጠሪያ አይሄዱም። በልምዴ ሰው ራሱን የሚጎዳው ሲያመው ሳይሆን ማመሙ ሲቆም፣ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የእርስዎ ያ ጊዜ ከኅዳር መግቢያ እስከ ታኅሣሥ 6 ነው፤ ልክ የጤፍ አጨዳ ወቅት። ቀኑ ከዚህ የከፋ ሊገጥምዎት አይችልም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጉዳቱ እስከ ቀዶ ጥገናው ከ5 ሳምንት በላይ አልፏል። እንዲህ ሲዘገይ የተነቀለው ጅማት ወደ ታች ሸሽቶ በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር ይጣበቃል፤ ሐኪሙ አላቅቆ ወደ ላይ ሲስበው ውጥረቱ ይበዛል። ስለዚህ ቶሎ ከተሠራለት ሰው ይልቅ እርስዎ ትንሽ ቀስ ማለት ይኖርብዎታል። ወጌሻውን ለመውቀስ አይደለም። የእኔ አባትም እጁ ሲወልቅ የመለሰለት ወጌሻ ነው፣ አክብሮቴም እንዳለ ነው። ግን የተነቀለ ጅማት በማሸት አይመለስም። አሁንም በቅቤ ልሽህ ቢልዎት መቀመጫዎ ሥር ያለውን ቦታ አያስነኩ። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ራስዎ በጣትዎ በትንሽ ዘይት ቀስ አድርገው ቆዳውን ማንቀሳቀስ ይችላሉ፤ በአውራ ጣት መደቆስ ግን አይሆንም።

ስለ ክራንቹ። ሐኪምዎ «እስከዚህ ቀን እግርህን አትጫን» ያለዎት የተለየ ቀን ከሌለ፣ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ መቀነስ የተለመደ ነው። ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይጥሉም። መጀመሪያ አንዱን ይተዉ፤ የቀረውን የሚይዙት በቀኝ እጅዎ ነው፣ ከተጎዳው እግር በተቃራኒ በኩል። ይህን ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል፣ በተጎዳው እግር በኩል ይዞ ሲወላገድ አያለሁ። ግራ እግርዎና ቀኝ እጅዎ አብረው ይሂዱ። ርምጃዎን አጭር ያድርጉ፤ ሰፊ ርምጃ ራሱ እግርን ወደ ፊት መዘርጋት ነውና። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ግቢ፣ ቀጥሎ ደልዳላ መንገድ። 10 ደቂቃ ሳያነክሱ መሄድ ሲችሉ ክራንቹ ሥራውን ጨርሷል። እያነከሱ ያለ ክራንች መሄድ ግን ጀግንነት አይደለም፤ ወገብዎ ክፉ ልማድ ይዞ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ለመቆም መቋሚያ ከበቂ በላይ ነው፤ ለመሄጃ ግን ይረዝምብዎታል።

ስለ መቀመጥ አልጠየቁኝም፣ ግን ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ብዙ ሰው ዱካ ላይ መቀመጥን ይፈራል። ዱካው የሚከፋው ስፌቱ ያለበትን አጥንት ስለሚጫነውና ለመነሳት ስለሚያስቸግር ነው እንጂ ጅማቱን ስለሚወጥር አይደለም። ከፍ ያለ ወንበር ይምረጡ፣ አጎዛ አጥፈው ከጭንዎ ሥር ያድርጉና አጥንቱ እንዳይጫን ያድርጉ፣ 20 ደቂቃ ሲሞላ ይነሱ። ማንም የማይጠረጥረው ግን መደብ ላይ ወይም አልጋ ላይ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ነው። ዕረፍት ይመስላል፤ እግርዎ ቀጥ ብሎ ዳሌዎ ታጥፏል፣ ያው የአጨዳው አቋም ነው። እንዲያ ሲቀመጡ ጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉና ይታጠፍ። እግርዎን ለመታጠብና ጫማዎን ለማሰር ቆመው አይጎንበሱ፤ ልጅዎ ይርዳዎት ወይም ተቀምጠው እግርዎን አጥፈው ወደ እርስዎ ያምጡት። ሚኒባስ ሲሳፈሩ ደግሞ እግር የሚያዘረጋውን መቀመጫ አይመኙ።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎ ጋ ደውለው «7 ሳምንት ሞልቶኛል፣ ጡንቻውን ማሠራት ልጀምር?» ብለው ይጠይቁ። ውስጡን ያየው እሱ ነው፤ የሰፋውን ጅማት ውጥረት እኔ ከዚህ ሆኜ አላየሁትም። እሱ ቆይ ካለ ቆይ ነው። ይሁን ካለ እንዲህ ይጀምሩ።

አልጋ ወይም መደብ ላይ በጀርባዎ ይተኙ። ግራ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ያሳርፉ። ተረከዝዎን ወደ ታችና ወደ መቀመጫዎ ይጫኑ፣ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስ። የሙሉ ጉልበትዎ ሦስት አሥረኛ ያህል ብቻ ይጠቀሙ። እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ። መጀመሪያ ጡንቻው «አለሁ» ሳይል ይንቀጠቀጣል፤ ከሰመመን እንደነቃ ሰው ነው፣ አይደንግጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ጉልበት ያሳድጉት።

ሁለተኛው፦ ሆድዎ ሥር ትራስ አድርገው በሆድዎ ይተኙ። የግራ እግርዎን ባት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስኪቆም ጉልበትዎን ቀስ ብለው ያጥፉ፣ ሲመልሱት ደግሞ ከወጣበት በቀስታ ይመልሱት፤ አይጣሉት። 8 ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና 8። እስከ 12ኛው ሳምንት እግርዎ ላይ ምንም ክብደት አይሰር።

ሦስተኛውን 8ኛው ሳምንት ላይ ይጨምሩት። በጀርባዎ ተኝተው ሁለቱንም ጉልበት ያጥፉ፣ እግርዎ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ፣ የመቀመጫዎን ጡንቻ አጥብቀው ዳሌዎን ወደ ላይ ያንሱ። እስከ 3 ቆጥረው ቀስ ብለው ይውረዱ። 8 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። መጀመሪያ ሰውነትዎ ተንኮለኛ ሆኖ በቀኝ እግር ብቻ ያነሳዎታል። ሚስትዎ ወይም ልጅዎ እግርዎ ሥር ሆነው ዳሌዎ እኩል መነሳቱን ይመልከቱልዎት። ይህን የምለው በዋዛ አይደለም፤ ስድስት ወር ሙሉ ሲሠሩ ቆይተው ያጠነከሩት ጤነኛውን እግር ብቻ የሆነ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አራተኛው ቀላል ነው፦ ምሰሶውን በአንድ እጅ ይዘው በግራ እግር ብቻ 20 ሰኮንድ መቆም። ቀስ በቀስ በሁለት ጣት ብቻ፣ ከዚያ ያለ መያዣ።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በየቀኑ ይሥሩ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ መሐል ላይ ዕረፍት እየሰጡ። ጡንቻ የሚጠነክረው በዕረፍቱ ነው። በእኛ አገር በዓል ስለማይጠፋ የዕረፍት ቀን መፈለግ አያስቸግርዎትም፤ ሚካኤልን 12፣ ማርያምን 21፣ መድኃኔ ዓለምን 27 ብለው ከሰንበቶቹ ጋር ሲቆጥሩት እኔ ካዘዝኩት ዕረፍት ይበልጥብኛል።

ስንት ያህል ማመም ይፈቀዳል? ሕመምን ከ0 እስከ 10 ይስጡት። ሲሠሩ እስከ 3 ድረስ ቢሰማዎት ግድ የለም። ዋናው ዳኛ ግን ማግስቱ ነው፦ ጠዋት ሲነሱ ከትናንቱ የባሰ ሕመም ወይም መገተር ካለ ትናንት አብዝተዋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ይመለሱ። የተለመደው የጡንቻ ዝለት ጭንዎ መሐል ላይ ነው የሚሰማው። ሕመሙ መቀመጫ አጥንትዎ ላይ፣ ስፌቱ ካለበት፣ ከሆነ ግን ያቁሙና ሐኪምዎን ያማክሩ።

እግርዎ ጨምድዶ የተያዘ፣ ያጠረ ይመስልዎታል። ዘርጋው ዘርጋው ይልዎታል። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ታካሚ «ጅማቴ አጥሮብኛል» ሲለኝ አመንኩት፤ በጀርባው አስተኝቼ እግሩን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ እየገፋሁ ሳብኩለት። 9ኛ ሳምንቱ ነበር። ሲሄድ አመሰገነኝ፣ ቀለለኝ አለ። በማግስቱ መቀመጥ አቃተው። እግዚአብሔር ይመስገን አልተበጠሰም፣ ግን ከአንድ ወር በላይ ወደ ኋላ መለስኩት። ያ የመጨምደድ ስሜት ብዙውን ጊዜ ድክመት ነው፤ የደከመ ጡንቻ ራሱን ለመጠበቅ ይጨብጣል። ሲጠነክር ራሱ ይለቃል። ማሳሳብ የሚጀመረው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም በለስላሳው።

ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር ይማራሉ፦ መጎንበስን። የዕድሜ ልክ አራሽ መጎንበስ ይማር ማለቴ ሊያስቅዎት ይችላል። ዘንግ ወይም መቋሚያ ጀርባዎ ላይ ቁልቁል ይያዙት፤ ከላይ የራስ ቅልዎን፣ መሐል ላይ በትከሻዎ መካከል፣ ከታች ደግሞ የወገብዎን መጨረሻ ይንካ። ጉልበትዎን ትንሽ አላልተው መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ ጎንበስ ይበሉ። ዘንጉ ከሦስቱ ቦታ አንዱን ከለቀቀ ወገብዎ ጎብጧል ማለት ነው። መጀመሪያ እስከ ጭንዎ መሐል ድረስ ብቻ ይውረዱ። ወደ ጉልበትዎ የሚደርሱት በሳምንታት ነው። በዚያው ጊዜ በሦስተኛው እንቅስቃሴ ተረከዝዎን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጣት ከመቀመጫዎ ያርቁት፤ በራቀ ቁጥር ሥራው ለጭን ኋላ ጡንቻ ይከብዳል። ዝቅ ባለ የድንጋይ ደረጃ ላይ በግራ እግር መውጣትና መውረድም ይጨምሩ።

12ኛው ሳምንት ሲሞላና ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት አይቶ ሲፈቅድ ነው እውነተኛው ማጠንከር የሚጀምረው። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል፤ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ከተማ ያለ ሰው ጂም ይገባል፤ ለእርስዎ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ሩቡ ውሃ 5 ኪሎ፣ ግማሹ 10፣ ሙሉው 20 ኪሎ ነው፤ እንደ ጀሪካን የሚመች ክብደት የለም። ጎንበስ ማለቱን በሩብ ጀሪካን ይጀምሩ፣ 3 ዙር በየዙሩ 8 ጊዜ። ሦስቱንም ዙር በቀላሉ ሲጨርሱና ማግስቱ ሰላም ሲሆን ብቻ ጥቂት ሊትር ይጨምሩ። ዳሌ ማንሳቱን ደግሞ በግራ እግር ብቻ ወደ መሥራት ይለውጡት። በሆድ ተኝተው የሚያጥፉትን እግር አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ከአልጋው እግር ጋር አስረው ያክብዱት።

ከ16ኛው ሳምንት፣ ማለትም ከጥምቀት ሰሞን በኋላ፣ እኔ ከሁሉ የምወደውን ይጨምሩ። ሊሾ ወለል ላይ በጀርባዎ ይተኙ፣ ከተረከዝዎ ሥር ፌስታል ያድርጉ፣ ዳሌዎን አንስተው ሁለቱንም ተረከዝ ቀስ ብለው እያንሸራተቱ ይዘርጉ። ዳሌዎ መሬት ሲነካ ይቁም፤ አጥፈው ይመለሱና ይድገሙት። ጡንቻው እየረዘመ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ዋልካው ላይ እግርዎ በሸሸ ጊዜ ያስፈልግዎት የነበረው ጉልበትም ይኸው ዓይነት ነበር፦ እየተዘረጋ እያለ መያዝ መቻል። ቤትዎ የአፈር ወለል ከሆነ ለስላሳ ጣውላ ላይ ይሥሩት።

ኳስ ተጫዋቾች ተንበርክከው ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞላቸው ወደ ፊት ቀስ ብለው የሚወድቁት «ኖርዲክ» የሚባል እንቅስቃሴ አለ። በስፖርተኞች ላይ የዚህን ጡንቻ ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፣ ስሙን ከሰሙ ሊያምርዎት ይችላል። ግን በጣም ከባድ ነው፤ ከ6 ወር በፊት አይታሰብም፣ ከዚያም በኋላ ለአራሽ ግዴታ ነው አልልም። ጀሪካኑና ፌስታሉ ይበቁዎታል።

መንገድዎን ከ10 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ወደ 40 ደቂቃ ያድርሱት። ኅዳርና ታኅሣሥ ዋልካው የሚደርቅበት ጊዜ ስለሆነ ቢያንስ በዚህ ታድለዋል። ቁልቁለት ላይ ርምጃዎን ያሳጥሩ። የተሰነጣጠቀ ዋልካ ግን እንደ ጭቃው ሁሉ እግር ይይዛልና ማሳ አቋርጠው አይሂዱ፣ መንገድ ይከተሉ። በቅሎ መቀመጥ እስከ የካቲት ይቆይ፤ ችግሩ ጉዞው አይደለም፣ ለመውጣት እግር ማንሳቱ ነው።

ስግደቱንም አላነሱም፣ ግን የጎጃም ሰው ይህን ሳያስብ አይቀርም። አሁን ቆመው ራስዎን ዝቅ አድርገው ይስገዱ፤ የንስሐ አባትዎ ይህን አይከለክልዎትም። ወድቆ መስገድን ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ይጀምሩ፣ መጀመሪያ ተንበርክከው፣ ከዚያ ግንባርዎን ያስነኩ፣ ሲነሱ በእጅዎ ይደገፉ። ከወገብ ተጎንብሶ እጅን መሬት አስነክቶ መነሳቱን ግን ከሁሉ በኋላ ያድርጉት። በስቅለት ስንት እንደሚሰግዱ በጊዜው እግርዎ ይነግረናል። ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ይገባል። ጡንቻ የሚሠራው ከምግብ ነውና ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ሽምብራው በየማዕዱ ይኑር፤ በእንጀራና በአዋዜ ብቻ ጡንቻ አይመለስም።

እርሻስ? 24ኛው ሳምንትዎ የካቲት 30 ላይ ይሞላል። ከዚያ በፊት ዕርፍ አይጨብጡ። ከዚያም በኋላ ቀኑ ብቻ አይበቃም፣ እግሩ ራሱ ይመስክር፦ በቀኝ እግር ብቻ ዳሌዎን 20 ጊዜ ካነሱ በግራው ቢያንስ 18 ማንሳት አለብዎት። ሙሉ ጀሪካን ይዘው ጉልበትዎን አላልተው 10 ጊዜ ጎንበስ ቀና ማለት አለብዎት። አንድ ሰዓት ዳገት ቁልቁለት ሄደው ማግስቱ ሰላም መሆን አለበት። ይህ ከተሟላ ለስላሳ መሬት ላይ በግማሽ ቀን ይጀምሩ፤ ሞፈርና ቀንበሩን ግን ልጅዎ ይሸከምልዎት። ካልተሟላ እስከ ሚያዝያና ግንቦት ቢቆዩ ምንም አይደለም። ሙሉ ጉልበት በ6 ወር የሚመለስለት ሰው አለ፣ 9 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅበትም አለ።

አጨዳውን ዘንድሮ በደቦ ያስጨርሱ ወይም ወንፈል ይግቡ። ወንፈል ብድር ነው፣ ለመጪው ዓመት ይከፍሉታል። እርስዎ ማሳው ዳር ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ፣ በየ20 ደቂቃው እየተነሱ ይንጎራደዱ፣ ሥራውን ይዘዙ። ለአንድ ወንድ ልጅ ከማጨድ ይልቅ ቆሞ ማየት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ የምለውን ግን በቀልድ አይውሰዱት። ባትዎ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመዎት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎትና ደረትዎን ከወጋዎት ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ ከጠባሳው የሚወጣ መግል ወይም እንደገና መቅላት ካለም እንዲሁ። ከመቀመጫ አጥንትዎ ጎን ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ፤ መጠነኛ መደንዘዝና መንዘር ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚያጋጥም ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል። እየጨመረ ከሄደ ወይም የእግርዎን መዳፍ ወደ ላይ ማንሳት ካቃተዎት ግን ሐኪም ይየው። እንደ ነሐሴው ጧ የሚል ድምፅ እንደገና ከሰሙና ጭንዎ ከጠቆረ፣ ወጌሻ ጋ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሰፋዎት ሐኪም።

በየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ለመመላለስ መንገዱም ገንዘቡም እንደማይፈቅድ ይገባኛል። አራት ጊዜ ቢታዩ ይበቃኛል፦ አሁን አንዴ፣ በ12ኛው፣ በ16ኛውና በ24ኛው ሳምንት። ደብረ ማርቆስ ይቀርብዎታል፣ ካልሆነ ባሕር ዳር፤ ከመነሳትዎ በፊት ክፍሉ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ በስልክ ያጣሩ። ሲሄዱ «ፊዚዮቴራፒ ይከታተል» የሚለውን ወረቀት ብቻ ይዘው አይሂዱ። ከሆስፒታሉ የቀዶ ጥገናውን ዝርዝር ቅጂ ይጠይቁ፤ ስንት ጅማት እንደተሰፋ፣ ስንት መያዣ እንደገባ፣ ጅማቱ ተወጥሮ ወይስ ላላ ብሎ እንደደረሰ እዚያ ላይ ይጻፋል። የሚያክምዎት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ታኅሣሥ 6 ሲደርስ ደግሞ ቤትዎ ሆነው ዳሌዎን በቀኝ እግር ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚያነሱ ይቁጠሩና ቁጥሩን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። በግራው ገና አይሞክሩት።